ዜሮን ማን ቁጥር አደረጋት?

ዛሬ የእህቴን ልጅ ሒሳብ ሳስጠና "አጎቴ፣ በዜሮ ማካፈል ለምን አይቻልም?" ብላ አፋጠጠችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ዜሮ ሳነብ አመሸሁ።

ባቢሎናውያን በቁጥር መሃል ባዶ ቦታን የሚያሳይ ምልክት ነበራቸው። ራሱን የቻለ ቁጥር ግን አላደረጉትም። ዜሮን ከቁጥሮች ተርታ አስገብቶ የመደመር፣ የመቀነስና የማባዛት ሕግ የጻፈላት ህንዳዊው ብራህማጉፕታ ነው፣ በ628 እ.ኤ.አ.። ቁጥር ከራሱ ላይ ሲቀነስ ዜሮ ይሆናል አለ። አሁን ሲያዩት ቀላል ነገር! ማካፈል ላይ ሲደርስ ግን እሱም ተደናቀፈ፤ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ነው ብሎ አረፈው። (ልጅቷ ይህን ስትሰማ ደስታዋን ባያችሁ!)

የእኛ የግዕዝ አኃዝ ደግሞ ዜሮ የለውም። አስርም መቶም የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው ብዙም አያስፈልግም። 105ን ፻፭ ብሎ መጻፍ ነው፣ አለቀ።