ናሽቪል ውስጥ ዘፈን ለሦስት ሲጻፍ

እኛ ጋ በአልበም ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ለየስሙ ይጻፋል፤ ገጣሚውም ብዙ ጊዜ ግጥሙን አስረክቦ ይሄዳል። የካንትሪ ሙዚቃ ከተማ በሆነችው ናሽቪል ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጸሐፊዎች ጊታር ይዘው አንድ ክፍል ይገቡና ዘፈኑን አብረው ጨርሰው ይወጣሉ። ስንኙን ማን አመጣው፣ ዜማውን ማን አፈለቀው ተብሎ አይቆጠርም፤ ልማዱ እኩል መካፈል ነው። ይህን ሳያውቅ የገባ የእኛ ገጣሚ በድርሻ ጉዳይ ይቀየማል፤ ወይም በተቃራኒው የሚገባውን ሳይጠይቅ ይወጣል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳዝናል።

ስለዚህ ክፍሉን ሳትለቁ የዘፈኑን ርዕስ፣ ቀኑን፣ የሁሉንም ሙሉ ስምና ድርሻ፣ እያንዳንዱ ለዘፈን ጸሐፊዎች ክፍያ ከሚሰበስቡት ድርጅቶች በኤኤስካፕ ይሁን በቢኤምአይ መመዝገቡን አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፎቶ አንሱት። ሦስት ከሆናችሁ ለእያንዳንዱ 33.33 በመቶ ነው። በኋላ አንዱ 50 ሌላውም 50 ብሎ ቢያስመዘግብ ድምሩ ከ100 ያልፋል፤ አለመግባባቱ እስኪፈታ ክፍያው ይያዛል።

ለሐበሻ ትልቁ ችግር ስም ነው። ፀጋዬን በላቲን ፊደል ሦስት አራት ዓይነት አድርጎ መጻፍ ይቻላል፤ የአባት ስምም አንዴ ይገባል፣ አንዴ ይቀራል። አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ሲመዘገብ ገንዘቡ ባለቤት ያጣል። አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ እሱን ብቻ ተጠቀሙ፤ አይፒአይ የሚባለውን የጸሐፊ መለያ ቁጥራችሁንም ሁልጊዜ ከስሙ ጎን አስፍሩ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ቢባል፣ በአሜሪካ የኤፍኤም ሬዲዮ የሚከፍለው ለዘፈኑ ጸሐፊ እንጂ ለዘፋኙ አይደለም። ለሲዲና ለዳውንሎድም ለአንድ ቅጂ ለጸሐፊው እንዲከፈል እ.ኤ.አ. በ2023 የተወሰነው 12 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ለሦስት ሲካፈሉት 4 ሳንቲም ነው።

ክፍሉ ውስጥ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) የሚጠራው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ኮርዱ የሚነሳበት ድምፅ በቁልፉ፣ ማለትም ዘፈኑ በቆመበት የድምፅ መሰላል፣ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ጆርዳኔርስ የተባለው የድምፃውያን ቡድን አባል ኒል ማቲውስ የጀመረው ዘዴ ነው። በጂ ቁልፍ 1 ጂ፣ 4 ሲ፣ 5 ዲ ይሆናል፤ ኢ ማይነር ደግሞ 6 ከመቀነስ ምልክት ጋር ይጻፋል። ዘፋኙ ቁልፉ ከፍ አለብኝ ቢል ወረቀቱ አይቀየርም። ካፖ (የጊታር ክሮችን አንድ ላይ ተጭኖ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ መቆንጠጫ) ስታስሩ ግን ተጠንቀቁ፦ ሁለተኛው ፍሬት (የጊታር አንገት ክፍልፋይ) ላይ ካፖ አድርጋችሁ የጂ ቅርጽ ብትይዙ የሚሰማው ኤ ነው፤ ለባሲስቱ «ጂ» ካላችሁት ሁሉም ይበላሻል።

ደስ የሚለው፣ ሜጀር ትዝታ ከመሰላሉ ሰባት ድምፆች 1ኛው፣ 2ኛው፣ 3ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው ነው፤ ብዙ የካንትሪ ዜማዎችም የቆሙት በእነዚሁ አምስት ድምፆች ላይ ነው። በክራር የለመደ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። የሚያጋጨው ኮርዱ ነው። ሙሉ በሙሉ በቅኝቱ ውስጥ የሚያርፉት 1ና 6 ማይነር ብቻ ናቸው። ዜማው 3 ላይ ቆሞ ሳለ 4 ኮርድ ከተመታ፣ ወይም 1 ላይ ቆሞ ሳለ 5 ኮርድ ከተመታ ድምፁ ይፋጫል። መፍትሔው ኮርዱን ዜማው እስኪንቀሳቀስ ማዘግየት፣ ወይም የ5 ኮርድን መካከለኛ ድምፅ አውጥቶ መምታት ነው። አንቺ ሆዬን ግን በዚህ መንገድ አትሞክሩት፤ የ1 ኮርድ ሦስተኛም አምስተኛም ድምፅ በቅኝቱ ውስጥ ስለሌለ ጊታሩ የሚያርፍበት ያጣል።