ተራዬ ደርሶ መኪናዬ አልነሣ ያለችበት ማለዳ

በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ መንዳት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ወር ላይ፣ ከሬገን አየር ማረፊያ የታክሲ መቆያ ቆሜ ተራዬን እጠባበቅ ነበር። የምነዳው በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራ የ2008 ሥሪት ቶዮታ ፕሪየስ ሲሆን፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብዬ መኪናዋን ካጠፋሁ በኋላ ፍሬን ሳልረግጥ የማስነሻውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ተጭኜ ሬዲዮ ከፈትኩ፤ የጣሪያውን መብራትም አብርቼ የሳምንቱን ሒሳብ መሥራት ያዝኩ። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲሁ ተቀመጥኩ። ቁጠባዬ ምን ያህል እንደሚያስከፍለኝ ግን አላሰብኩም ነበር።

ተራዬ ደርሶ ፍሬን ረግጬ ቁልፉን ስጫን የዳሽቦርዱ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ሁሉ በአንድነት ቦግ ብለው ደበዘዙ፤ ከፊት በኩልም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰምቶ ጸጥ አለ። መኪናዋን ገፍተን ከመስመሩ ለማውጣት ብንሞክርም፣ ካምቢዮው የሚታዘዘው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ከፓርክ አልወጣ አለ። ከኋላዬ የተሰለፉት ጥሩምባቸውን ያንባርቁት ጀመር። እኔ ግን ከጥሩምባው ይልቅ ያስጨነቀኝ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ያለው ባለ 201.6 ቮልቱ ትልቅ ባትሪ ሞቷል የሚለው ሐሳብ ነበር፤ የእሱ መቀየሪያ ዋጋ የስንት ወር ገቢዬን እንደሚበላ አውቃለሁና።

አንድ ወጣት ሾፌር ኬብል ይዞ እየሮጠ መጣና ኮፈኖውን ከፍቶ ባትሪ መፈለግ ጀመረ። ባትሪ የለም። ቀዩን ኬብል ካገኘው ብረት ሊያስነክስ ሲል፣ አዲስ አበባ ሳሉ ጋራዥ ይሠሩ የነበሩ አንድ ጋሼ እጁን ያዙት። «ተው ልጄ! ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ካምታታህ የምታቃጥለው ፊውዝ ብቻ እንዳይመስልህ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ትልቁ ባትሪ ደህና ነው። እሱ ሙሉ ጎተራ ነው፤ የጎተራው መክፈቻ ግን ያለው ትንሹ ባትሪ እጅ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ይህ መኪና እንደ ሌላው መኪና ሞተሪኖ የለውም፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ከትልቁ ባትሪ ኃይል የሚወስድ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሆኖም የትልቁን ባትሪ መስመር የሚያገናኙት ማብሪያዎችና የሚያዟቸው ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በባለ 12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ነው። እሱም የተቀመጠው ከፊት ሳይሆን በስተኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ቀኝ ጥግ ነው። የኋላው በር ደግሞ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ባትሪው ሲሞት ወደ ባትሪው የሚወስደው በርም አብሮ ይዘጋል። ይህን የፈጠረ መሐንዲስ በብርድ ቆሞ መኪና አስነሥቶ እንደማያውቅ እገምታለሁ።

ጋሼ ከኮፈኖው ሥር ያለውን የፊውዝ ሳጥን ክዳን አንሥተው፣ ቀይ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው አንድ ብረት አሳዩን። ቴስተራቸውን ሲያስነኩት 8.9 ቮልት አነበበ። ቀዩን ኬብል እዚያ ላይ አሰሩ፤ ሌላውን ጫፍ ከጎናችን በቆመው ካምሪ ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን በካምሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ደግሞ በእኔ መኪና ቀለም ባልተቀባ ብረት ላይ አደረጉ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀን ፍሬን ረግጬ ቁልፉን ስጫን «ሬዲ» (ዝግጁ) የሚለው ምልክት በራ፤ ቴስተሩም 13.9 አሳየ። ምልክቱ እስካልበራ ድረስ ትልቁ ባትሪ ትንሹን አይሞላውም፤ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሬዲዮ የሰማሁት ከትንሹ ባትሪ ብቻ እየቀዳሁ ነበር። ምልክቱ በርቶ ብጠብቅ ኖሮ ሞተሩ ሲያስፈልግ ብቻ ራሱ እየተነሣ፣ ራሱ እየጠፋ ይቆይልኝ ነበር።

ተራዬ አልፎኝ ስለነበር ከሰልፉ ጭራ ገባሁ። ለጋሼ ገንዘብ ብዘረጋላቸው እጄን መልሰው፣ «ይልቅ ነገ ባትሪውን ቀይር፤ ያረጀ ነው፤ ስትገዛም የትንፋሽ ቱቦ መግጠሚያ እንዳለው እይ» አሉኝ። በማግስቱ የባትሪ መደብሩ ሻጭ ልኩ የሚመሳሰል፣ ዋጋው ግን ቀለል ያለ ተራ ባትሪ አቀረበልኝ። ይህ ባትሪ የሚቀመጥበት ዕቃ መጫኛ ተሳፋሪ ካለበት ክፍል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጋዙ በቱቦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት ብዬ፣ ቱቦው የሚገጠምበትን ቀዳዳ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ባትሪውን አገላብጦ አየና ምንም ሳይመልስልኝ ወደ መጋዘኑ ተመልሶ ሌላ ይዞ መጣ።