ዌዘር እና ክላይሜት፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

በደሴ እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች በሚጽፏቸው ድርሰቶች ውስጥ «የዛሬው ክላይሜት ቀዝቃዛ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ይገጥመኛል። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም፤ በዕለት ንግግራችን «አየር» የሚለው አንድ ቃል ሁለቱንም ሐሳብ ስለሚሸከም ነው። «ዛሬ አየሩ ደመናማ ነው» እንላለን፤ «የኮምቦልቻ አየር ይስማማኛል» ስንልም ቃሉ ያው ነው። በእንግሊዝኛ ግን የፊተኛው ዌዘር፣ የኋለኛው ክላይሜት ይባላል።

ዌዘር በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚለዋወጠው የአየር ሁኔታ ነው። ክላይሜት ደግሞ የአንድ አካባቢ የብዙ ዓመታት ዌዘር ተጠራቅሞ የሚያሳየው ጠባይ ሲሆን፣ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅትም በተለምዶ የሚለካው በ30 ዓመት አማካይ ነው። በትምህርት ቤት «የአየር ንብረት» የምንለው ይህንኑ ነው።

ለእኔ ግን ከዚህ ትርጓሜ ይልቅ ጉዳዩን የሚያበሩት ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ የሚሉት ነባር ቃሎቻችን ናቸው። ምንም ያህል ቢበርድ «ዛሬ ኮምቦልቻ ደጋ ሆናለች» የሚል ሰው የለም፤ ቃሉ የዕለትን ሳይሆን የአገሩን ጠባይ እንደሚናገር ሁሉም ያውቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን የምናገኛት ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይጠበቃል። ይህ ልዩነት የክላይሜት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ በረዶ ጥሎ ደሴ ፀሐይ ብትሆን ግን የዌዘር ጉዳይ ነው።

በሰዋስው ረገድም ዌዘር የማይቆጠር ስም ስለሆነ በእንግሊዝኛ ከነጠላ ስም በፊት የሚገባውን «ኧ» (a) የሚለውን መስተአምር አይቀበልም፤ ክላይሜት ግን ይቀበላል፣ ይበዛልም። ስለ ፖለቲካ ድባብ ሲነገርም የሚመረጠው ክላይሜት ነው።

ልዩነቱ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በልግ ላይ ነው። በወሎ ደጋማ ቀበሌዎች በበልግ ዝናብ ገብስ የሚዘራ ገበሬ አለ፤ የአንድ ዓመት በልግ መቅረት ጉዳቱ ብርቱ ቢሆንም ብቻውን ክላይሜት ተለወጠ አያሰኝም። ገበሬው በዚህ ሳምንት ልዝራ ወይስ ልቆይ ብሎ ሲያስብ የሚጠይቀው ስለ ዌዘር ነው፤ ከእንግዲህ የበልግ ገብስን ትቼ ሌላ ሰብል ልያዝ ወይ ብሎ ሲያስብ ግን ስለ ክላይሜት ነው፤ ለዚህኛው መልስ የሚሆነውም የነገው ትንበያ ሳይሆን ለዓመታት የተመዘገበው የዝናብ መጠን ነው።