የግዙፉ ሰውዬ ሾክ

ሞተሬ የ2007 ሱዙኪ ኤስቪ650 ናት፣ የኋላ ሾኳ (ሞላና ዘይት ያለው፣ የመንገዱን ጉብታ የሚውጠው ክፍል) በዕድሜ ደክሞ ጉድጓድ በነካሁ ቁጥር እንደ ጀልባ ሦስት አራቴ ከፍ ዝቅ ታደርገኝ ጀመር፣ እና እኔም አዲስ የመግዛት አቅም ስለሌለኝ ማታ ማታ ያገለገለ ስፈልግ ከርሜ አንድ ቢጫ ሞላ ያለው ኦሊንስ በ350 ዶላር አገኘሁ። ኦሊንስ እንግዲህ ከ1976 ጀምሮ ስዊድን ውስጥ ሾክ የሚሠራ ነው፣ ስሙ ብቻ ልብ ያሞቃል። ስገዛ ደግሞ ዝም ብዬ አልገዛሁም፣ ዘንጉን በጥፍሬ ዳሰስኩት ጭረት የለውም፣ ዘይት አያልበውም፣ ርዝመቱም ከድሮው ጋር እኩል ነው። ያላየሁት ሻጩን ነው። ማለቴ አይቼዋለሁ፣ በሩን ሞልቶት ነው የቆመው፣ ግን ምንም አልመጣልኝም።

ገጠምኩትና ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዲሲ ስሄድ የ395 አውራ ጎዳና ድልድይ ላይ እያንዳንዷ መጋጠሚያ ወገቤን በጡጫ ትለኛለች። ደህና፣ ሾኩ ከታች በኩል የሪባውንድ መቆጣጠሪያ አለው፣ ሪባውንድ ማለት ሞላው ከተጫነ በኋላ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመለስ የሚወስነው ነው፣ እስከመጨረሻው ትዘጋውና ወደኋላ ስትከፍት ቀጭ ቀጭ የሚለውን ትቆጥራለህ። 4 ላይ ነበር። 8 አደረግኩት፣ 12 አደረግኩት፣ ከዛ ወደ 2 መለስኩት፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሞላው በዝግታ ነው የሚመለሰው፣ ያኔ ደግሞ ተከታታይ ጉብታ ላይ ሞላው ሳይመለስ ሌላው እየደረሰበት ጭራሽ ድንጋይ ሆነ። ሦስት ሳምንት እንደዚህ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት እኮ ወደው አይደለም።

መጀመሪያ መደረግ የነበረበት ሳግ መለካት ነበር፣ አውቅ ነበር እኮ፣ ስንፍና ነው። ሳግ ማለት ሞተሩ በራሱ ክብደት፣ ከዛ ደግሞ አንተ ስትወጣበት፣ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋበት ከኋላ ስንት ሚሊሜትር እንደሚወርድ ነው። ለመንገድ አንተ ላዩ ሆነህ ከ30 እስከ 35፣ ባዶውን ከ5 እስከ 15 አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ለዚህ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ከቡና በኋላ ባለቤቴን ሜትር አስያዝኳት፣ ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ቬስፓ ይነዱ ስለነበር ሞተር ሲነካ ሳይጠሩ ይመጣሉ።

የኋላውን ማቆሚያ አስገብቼ ጎማውን ከመሬት አነሳሁና ከጎማው መሀል እስከ ጭራው ለካን። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር እኮ ገና እንደተሸከመ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው! ማቆሚያው የሚይዘው ጎማውን የያዘውን ክንድ ነው፣ ሞተሩ በሙሉ አሁንም ሞላው ላይ ተቀምጧል፣ ሾኩ መቼ ተዘረጋና። እኔ ዩቲዩብ ስንት ሰዓት አይቼ እሳቸው ቆመው አዩት። ከዛ ሞተሩን በጎን መቆሚያው ላይ አዘንብለን ጎማው ተንጠልጥሎ ለካን።

ባዶውን 3፣ እኔ ከነጃኬት ከነሄልሜቴ ስወጣ 20። በቃ አይወርድም ማለት ነው። ሞላውን የሚያጠብቀውን ቀለበት አላልቼ ፕሪሎዱን፣ ማለትም ሞላው ገና ሳይጫን አስቀድሞ የታመቀበትን መጠን፣ ቀነስኩ፣ እኔ ላዩ ሆኜ 34 መጣ፣ ደስ አለኝ፣ ባዶውን ሲለካ ግን 17 ሆኗል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ቀለበቱን ማጥበቅና ማላላት ሞላውን ጠንካራም ለስላሳም አያደርገውም፣ ከየት ተነስቶ እንደሚሠራ ነው የሚቀይረው። ያንተ ቁጥር ልክ መጥቶ ባዶው በጣም ከወረደ ሞላው ላንተ ጠንክሯል፣ ባዶው ጭራሽ ካልወረደ ደግሞ ለስልሷል። እኔ ስወጣበት የጨመረው 17 ብቻ ነው፣ በፊትም ከ3 ወደ 20፣ አሁንም ከ17 ወደ 34።

ሞላው ላይ የተጻፈውን ጠርጌ ሳየው 110። አንድ ሚሊሜትር ለመጫን 110 ኒውተን፣ ወደ 11 ኪሎ ማለት ነው። እኔ 72 ኪሎ ነኝ፣ ያ በሩን የሞላው ሰውዬ ከመቶ አያንስም። ሾኩ ምንም አልሆነም፣ ለሱ የተሰፋ ነው እንጂ።

85 የሚል ሞላ አዘዝኩና ቀይሩልኝ ብዬ ሾክ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ወሰድኩት፣ ያለመጭመቂያ ሞላ ማውለቅ ጥርስ ያሳጣል፣ ውስጡ ደግሞ በግፊት የታመቀ ናይትሮጅን ስላለ ቤት ውስጥ የሚከፈት ነገር አይደለም፣ እዛው እያለ ዘይቱንም ጋዙንም አደሱልኝ። ከሾኩ ዋጋ ብዙም ያልተናነሰ ከፈልኩ፣ ባለቤቴ ይህን አንቀጽ ባታነበው ደስ ይለኛል።

አሁን ባዶውን 12፣ ከኔ ጋር 34። ሪባውንዱ 14 ላይ ነው፣ ሞላው ሲለሰልስ የሚገፋበት ጉልበት ስለሚቀንስ ያን ያህል መያዝ አያስፈልገውም። ወንበሩን በእጄ ስጫነው አንዴ ይመለስና ይቆማል። ከኋላ ስለወረደች የሰንሰለቱን ልልነትና የፊት መብራቱንም አይቻለሁ። ድልድዩን በሚቀጥለው ቀን ተሻገርኩት፣ መጋጠሚያዎቹ አሁንም አሉ፣ ይሰማሉ፣ ወገቤ ግን ሰላም ነው።

ጨርሰን ዕቃ ስንሰበስብ ጋሼ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሞተሯ ላይ ወጡና «ለኔስ ስንት ነው?» አሉ። ባለቤቴ እየሳቀች ለካች። 29።