ማትሪክ ላይ ጉድ የሚሠራን «በ»

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ላስጠና ስቀመጥ መጀመሪያ ከቦርሳቸው የሚወጣው የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ነው። የእንግሊዝኛ ኢዲየም በተርታ ተደርድሮ፣ ጎኑ ላይ ፍቺው። ግማሹ ደብዝዞ አይነበብም። እነሱ ግን እንደ ዳዊት ይደግሙታል።

ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ ማለት ዶፍ ዝናብ እንደሆነ ማወቅ አይከፋም። ማርክ የሚበላው ግን ሌላ ነው። አራቱም ምርጫ ላይ ቃሉ ያው ሆኖ ጭራው ብቻ የሚለያይበት ጥያቄ አለ፤ ኦን፣ ኢን፣ አት፣ ቱ። እዚህ ላይ ጥራዙ አያድንም። ልጁ በልቡ ወደ አማርኛ ይመልሰውና የአማርኛውን መስተዋድድ ይዞ ይነጉዳል።

«በ»ን ውሰዱ። ከአዘዞ ፒያሳ በታክሲ፣ ከፒያሳ ፋሲል ግንብ በእግር። ለኛ ሁለቱም «በ» ነው። እንግሊዝኛው ግን ባይ ታክሲ ብሎ ኦን ፉት ይላል። ጥምቀት በጥር ነው፣ በ11ኛው ቀን፤ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ የሚቀደሰው ደግሞ በሌሊት። ኢን ጃንዋሪ፣ ኦን ጃንዋሪ 19፣ አት ናይት።

«ከ»ንም አትመኑት። ዲፈረንት ላይ ያዋጣል፣ ፍሮም ብላችሁ ታልፋላችሁ። ፕሪፈር ላይ ይከዳችኋል። ከቡና ሻይ እመርጣለሁ የሚል ጎንደሬ ከተገኘ (አይመስለኝም) አይ ፕሪፈር ቲ ቱ ኮፊ ነው የሚለው። ሱፒሪየርና ሲኒየርም ዛን ሳይሆን ቱ ነው የሚፈልጉት።

እኔን የሚያበግነኝ ዲስከስ አባውት ነው። ስለ ችግሩ ተወያየን ስለምንል አባውት ካልገባ የጎደለ ይመስለናል። ስብሰባ ላይ ትልልቅ ሰዎችም ይሉታል። ዊ ዲስከስድ ዘ ፕሮብለም፣ አለቀ! ሜሪ ዊዝም የዚሁ ዘመድ ነው።

ጥራዙ ውስጥ ያሉትም ቢሆኑ ፍቺያቸው ብቻ አይበቃም። ኪክ ዘ በኬት ሞተ ማለት ነው። ዘ ወጥታ ኤ ከገባች ግን ሰውየው አልሞተም፣ ባልዲ ነው የረገጠው። ፈታኝ ደግሞ እንዲህ ያለች ትንሽ ቃል መቀየር ይወዳል።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ እንዴት እንያዘው ቲቸር?» አለችኝ አንዷ። ቃሉን ለብቻው አትጻፊው አልኳት። ዲፔንድን ከነኦኑ፣ ኬፐብልን ከነኦፉ፣ ስለራስሽ በሆነ አጭር ዓረፍተ ነገር። በማግስቱ ደብተሯን ሳየው ማይ ማዘር ኢዝ አፍሬድ ኦፍ ባጃጅ ይላል። እናትየው እውነትም ባጃጅ አይሳፈሩም፤ ገበያ ሲሄዱ ታክሲ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አፍሬድ ፍሮም ብላ አታውቅም።

ሉክ ፎርዋርድ ቱ ይቀረናል። ከቱ በኋላ ግሱ አይኤንጂ ይዞ ይመጣል ስላቸው አንዳቸውም አላመኑኝም። እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ ሌላ ቀን ለብቻው እጽፍበታለሁ።