ሙቀጫውና ዘነዘናው፦ ከሻኦሊን እስከ ቼንጅያጎው

ገና ጎህ ሳይቀድ ነው የሰማሁት። ዱም! ትንሽ ዝም ይልና እንደገና ዱም! ለአፍታ የት እንዳለሁ ጠፋኝ፤ እናቴ ጓሮ ሆና በርበሬ የምትወቅጥ መሰለኝ። ተነሥቼ መስኮቱን ስከፍት የጥቅምት ብርድ ፊቴን ገረፈው። ከታች፣ ጡብ በተነጠፈበት ግቢ፣ ከስድሳ ዓመት በላይ የሚሆናቸው ሴት ብቻቸውን ቆመዋል። ቀኝ ጉልበታቸውን አንሥተው፣ ቀኝ ጡጫቸውን እስከ አገጫቸው ከፍ አድርገው፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለቀቋቸው። ጡጫው ግራ መዳፋቸው ውስጥ፣ እግራቸው መሬቱ ላይ አረፈ። ዱም!

ያለሁት ቼንጅያጎው ነበር። በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ከቢጫው ወንዝ በስተሰሜን፣ በዌን ወረዳ ያለ የገበሬ መንደር ነው። ስሙ «የቼኖች ቦረቦር» እንደማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሚንግ ሥርወ መንግሥት ሲወድቅ፣ ቼን ዋንግቲንግ የተባለ ወታደር ወደ ትውልድ መንደሩ ተመልሶ የሚያውቀውን የውጊያ ስልት ከአተነፋፈስ ልምምድ ጋር አዋሐደው ይባላል። ዛሬ ዓለም ታይ ቺ የሚለውን ስልት የቼኖች ዘር ከዚያ ተነሥቶ እስከዛሬ እዚሁ መንደር ይማራል፣ ያስተምራል።

እኔ ዤንግዡ ከተማ በፊዚዮቴራፒ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቀን የሌላውን ሰው ወገብና ጉልበት እያሸሁ፣ ማታ ማታ ግን የራሴ ትከሻ ጆሮዬ ሥር ተሰቅሎ እንቅልፍ አጥቼ አድር ነበር። አንድ የጎንደር ልጅ አብሮን ይማራል፤ ምሕንድስና ነው የሚያጠናው። አገር ቤት ሳለ ከቪዲዮ ቤት ተነሥቶ ውሹ ክበብ የገባ፣ ለኩንግ ፉ ነፍሱን የሚሰጥ ልጅ ነው። «አንቺ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ሻኦሊን እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ስለ ታይ ቺ ብዙ ስላነበብኩ ቼንጅያጎውን ማየት እፈልግ ነበር። ሁለቱንም ልናይ ተስማማን። የአሥር ቀን ዕረፍት ነበረን።

መጀመሪያ ሻኦሊን፣ በኩንግ ፉ የታወቀው የቡድሃ ገዳም። ከዤንግዡ በአውቶቡስ ወደ ዴንግፌንግ ሲኬድ የሶንግሻን ተራራ ቀስ በቀስ ይመጣል። ከተማዋ ገና ሳትደርሱ በየሜዳው ሕፃናት በረድፍ ቆመው ታያላችሁ፤ በመቶ የሚቆጠሩ፣ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ፣ በአንድ ድምፅ የሚጮኹ። ዴንግፌንግ የኩንግ ፉ ትምህርት ቤት ከተማ ናት።

ገዳሙን እ.ኤ.አ. በ495 ያሠራው የሰሜን ዌይ ንጉሠ ነገሥት ሺያኦዌን ነው፤ ባቱኦ ለሚባል ከህንድ ለመጣ መነኩሴ። የዜን ቡድሂዝም አባት የሚባለው መነኩሴ ቦዲዳርማ ከእሱ በኋላ መጥቶ፣ ከገዳሙ በላይ ባለችው ዋሻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ 9 ዓመት ተቀመጠ ይባላል። ቻይናዎቹ ቦዲዳርማን ዳሞ ይሉታል። ስሙ የተገጣጠመ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ጓደኛዬም እኔም በአንድ ጊዜ «ደብረ ዳሞ!» አልን። ዋሻ ዘግቶ የሚኖር ባሕታዊ ለኛ እንግዳ አይደለም። ወደ ዋሻዋ የሚያወጣውን ደረጃ ሽቅብ ስንወጣ ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ ነበር፤ ከላይ ስንደርስ ግን ያገኘነው ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥባት ጠባብ ዋሻ ናት። ገዳሙ በ1928 በጦር አበጋዞች ጦርነት ተቃጥሎ እሳቱ ከ40 ቀን በላይ እንደቆየ ይነገራል። አሁን የሚታየው አብዛኛው ሕንፃ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ያለፉት አለቆችና መነኮሳት አጽም ያረፈባቸው ከ200 በላይ የጡብና የድንጋይ ማማዎች ግን እንደ ጫካ ቆመዋል።

ከዚያ ሁሉ ልቤን የነካው ወለል ነው። በገዳሙ ኋለኛው አዳራሽ፣ የሺህ ቡድሃዎች አዳራሽ በሚሉት፣ የጡቡ ወለል ላይ በረድፍ 48 ስርጉድ ቦታዎች አሉ። መነኮሳቱ በትውልድ ቅብብሎሽ እዚያው ቦታ ላይ እየቆሙ፣ እዚያው ላይ እግራቸውን እየመቱ ያጎደጎዱት ነው። ከገመዱ ማዶ ቆሜ ብዙ ጊዜ አየሁት። የገዳም በር ደፍ በምእመናን እግር ተበልቶ መሐሉ ሲሰረጉድ አይቻለሁ፤ ይሄ ግን ደጅ አይደለም፣ አላፊ አግዳሚም የረገጠው አይደለም። አንድ ሰው ከቦታው ሳይንቀሳቀስ የቆፈረው ነው። ኩንግ ፉ የሚለው ቃል ራሱ በቻይንኛ በጊዜና በድካም የተገኘ ችሎታ ማለት ነው፤ ልብስ ሰፊውም፣ ወጥ ሠሪውም ኩንግ ፉ ሊኖረው ይችላል።

በዴንግፌንግ ለውጭ ሰዎች አጭር ሥልጠና ከሚሰጥ አንድ ትምህርት ቤት ሦስት ቀን ተመዘገብን። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። በሁለተኛው ቀን አሠልጣኙ እግሬን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ሰውነቴ ሳይሟሟቅ፣ በጉልበቱ ወደ ላይ ገፋው። ከታፋዬ ጀርባ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ተሰማኝ። የጡንቻ መሰንጠቅ እንደሆነ በሙያዬ ወዲያው አውቄያለሁ፤ «በቃ!» ብዬ ጮኽኩ፣ እሱ ግን «መራራውን ካልበላሽ አትማሪም» አለኝ። መራራ መብላት በቻይንኛ መከራን መቻል ነው፤ ጥሩ አባባል ነው። በሰው ጅማት ላይ ግን አይሠራም። ቀሪውን ቀን በረዶ ይዤ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ቢጫውን ወንዝ የተሻገርኩት እያነከስኩ ነው። ወንዙ ሰፊና ደፍራሳ ነው፤ ዓባይ በክረምት የሚይዘው መልክ አለው። ከወንዙ ወዲያ የገጠሩ መንገድ ግማሹ በበቆሎ ተሸፍኗል፤ ገበሬዎቹ ፈልፍለው አስፋልቱ ላይ አስጥተውታል፣ መኪናው በቀረው ግማሽ ያልፋል። በየማሳው ደግሞ ሰዎች ቁመት የሚያህል ጉድጓድ ውስጥ ገብተው አንድ ረጅም ሥር በጥንቃቄ ያወጣሉ። ዌን ወረዳ የታወቀበት ሻንያኦ ነው። አንድ አሮጊት ሰብረው ሲያሳዩኝ ውስጡ ነጭና የሚያዝለገልግ ነው፤ የኛ ቦዬ ዘመድ።

መምህራችን እነዚያ ጎህ ሲቀድ ያየኋቸው ሴት ናቸው። ሁሉም «ላኦሺ» ይሏቸዋል፤ መምህር ማለት ነው። እያነከስኩ ስገባ አይተው ምንም ሳይጠይቁ በርጩማ አቀረቡልኝ። ከሰዓት በኋላ «ዛሬ መቆም ብቻ» አሉ። እግር በትከሻ ልክ፣ ጉልበት ለስለስ ብሎ፣ ሁለት ክንድ ከደረት ፊት ክብ ሠርቶ። ላኦሺ ስለ ክንዱ የተናገሩትን ጓደኛዬ «እንስራ እንዳቀፍሽ ሁኚ ነው የሚሉሽ» ብሎ ተረጎመው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ታፋዬ ተንቀጠቀጠ፣ ትከሻዬ ወደ ላይ ሸሸ። ላኦሺ ከኋላ መጥተው ሁለት ጣታቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። «ፋንግ ሶንግ።» ልቀቂው። በቀን መቶ ጊዜ የሰማሁት ቃል ይሄ ነው።

በሁለተኛው ቀን ክብደት ማዛወር ጀመርን። በታይ ቺ ሁለት እግር እኩል አይሸከምም፤ አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ባዶ ነው፣ ሙሉው ሲጎድል ባዶው ይሞላል። አያቴ ትዝ አለችኝ። ቅዳሴ ላይ መቋሚያዋን ተደግፋ ሦስት ሰዓት ስትቆም አጠገቧ ሆኜ አይ ነበር፤ የማትነቃነቅ ትመስላለች፣ ነጠላዋ ሥር ግን ክብደቷ በዝግታ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ማንም ሳያስተምራት ታውቀው ነበር።

ላኦሺ ስለ ጉልበቴ ያላቸው ጥንቃቄ እንደ ባለሙያ አስደስቶኛል። ጉልበት የእግር ጣት ወደሚያመለክትበት አቅጣጫ እንጂ ወደ ውስጥ አይወድቅም፤ በወደቀ ቁጥር እጃቸው እዚያ ነው። ሳይዘረጉ፣ ሳይስቡ፣ የተጎዳው ታፋዬ በአራተኛው ቀን ሊሸከመኝ ጀመረ። ታይ ቺ ሚዛን ይጠብቃል የሚለው ነገር አፈ ታሪክ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት 195 የፓርኪንሰን ሕሙማንን ለ24 ሳምንት ተከታትሎ፣ ታይ ቺ የሠሩት ሰውነት ብቻ ካፍታቱት ይልቅ ሚዛናቸው ተሻሽሎ መውደቃቸውም እንደቀነሰ አሳይቷል። አገሬ ስመለስ በስትሮክ ግማሽ ሰውነታቸው ለደከመ ሰዎች ይህን ክብደት ማዛወር ላስተምር ቆርጫለሁ።

ከልምምድ ውጭ መንደሩን እንዞር ነበር። «የቼንጎው ውሃ የጠጣ ሁሉ እግሩን ያነሣል» ይላሉ። ያንግ ሉቻን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቼን ቻንግሺንግ የተማረበት ግቢ አለ። ያንግ የቼን ዘር አልነበረም፤ ሌሊት ሌሊት በግድግዳ ቀዳዳ እያጮለቀ ተማረ የሚለው ተረት እስከዛሬ ይነገራል። እውነትም ይሁን ተረት፣ ጥበቡን ወደ ቤጂንግ ይዞ የወጣው እሱ ነው፤ ዛሬ በየአገሩ መናፈሻ ከሚሠሩት ስልቶች አብዛኞቹ ከእሱ እጅ የወጡ ናቸው። እዚያ ግቢ ውስጥ የልጅ ልጃቸውን ያዘሉ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ሕፃኑን አወረዱና ለጓደኛዬ እጃቸውን ዘረጉለት፤ ግፋኝ ማለታቸው ነው። ገፋ። ሽማግሌው ወገባቸውን ትንሽ አዞሩ እንጂ ምንም ያደረጉ አይመስልም፤ ያ ጠንካራ የጎንደር ልጅ ሦስት እርምጃ ተንደርድሮ ግድግዳው ጋ ቆመ። እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ዝቅ ብሎ ሰላም አላቸው።

በአምስተኛው ቀን ወደዚያች የንጋት ድምፅ ደረስን። የእንቅስቃሴዋ ስም ጂንጋንግ ዳኦ ዱይ ነው። ጂንጋንግ የቡድሃ ዘብ ነው፤ ዳኦ ዱይ ደግሞ ሙቀጫ መውቀጥ። ጓደኛዬ ሲተረጉምልኝ ደግሜ አስተረጎምኩት። ግራ መዳፍ ሆድ ፊት ተከፍቶ ሙቀጫ ይሆናል፣ ቀኝ ጡጫ ዘነዘና። ይነሣል፣ ይወርዳል፣ እግርም አብሮ ይወርዳል።

ሞከርኩ። እግሬ ጡቡን መታው፣ ሕመሙ እስከ ጥርሴ ተሰማኝ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ጠፍ! ላኦሺ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደገምኩ፤ ጠፍ! በርትቼ መታሁ፤ ባሰ። የሳቸው ግን በዝግታ ተነሥቶ፣ ምንም ሳይቸኩል ወርዶ፣ ዱም! ይላል፤ ድምፁ ከጫማቸው ሳይሆን ከመሬቱ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ከሩቅ የዕቃ ድምፅ ይሰማኛል፤ ወጥ ቤት ናት። ያስቸገረኝን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ይሄን ልጅ ሆነሽ አላስተማርኩሽም?» አለች። ወዲያው መጣልኝ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመቴ ነው፤ ዘነዘናውን በሁለት እጄ አንቄ፣ ጥርሴን ነክሼ ቡና እወቅጣለሁ፤ ፍሬው ወደ ውጭ ይፈናጠራል። እናቴ ዘነዘናውን ተቀበለችኝና «ክንድሽን አትጨርሺ። ያንቺ ሥራ ማንሣት ብቻ ነው፤ መውረዱን እሱ ያውቃል» አለችኝ። አነሣችው፣ ጣቷን ላላ አደረገች፣ ወረደ።

በማግሥቱ ከላኦሺ ቀድሜ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ጭጋግ ነው፣ ከጎረቤት የከሰል ጭስ ይሸታል። ተነፈስኩ። ክብደቴን ወደ ግራ እግሬ ላክሁት፣ ቀኙ ባዶ ሲሆን ጉልበቴ ራሱ ተነሣ፣ ጡጫዬም አብሮ። ከላይ ትንሽ ቆየሁ። ትከሻዬን ፈለግሁት፤ ወርዶ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ለቀቅሁት።

ዱም።

ሕመም የለም። ጡቡ እግሬን የተቀበለው መሰለኝ፤ ሆዴ ሞቀ። ዞር ስል ላኦሺ በር ላይ ቆመው ፀጉራቸውን እየጠቀለሉ ያዩኛል። አላሞገሱኝም። መጥተው አጠገቤ ቆሙ፣ እግራቸውን በትከሻቸው ልክ ከፈቱ፣ «ዛይ ላይ» አሉ። እንደገና።