ኦርኬስትራ ድሬ ቢመጣ ማን ያንብብ?

ሰሞኑን በስልኬ አንድ የውጭ ኦርኬስትራ ዝግጅት አየሁ። ሙዚቃው መሃል ላይ የሰፈሩ ጸሐፊዎች ተራ በተራ እየተነሱ የጻፉትን ያነባሉ። ግጥም በጃዝ ለምደናል፣ ይሄ ግን ሌላ ነው። አንዲት ሴትዮ ስለ ሰፈሯ ዳቦ ቤት ስታነብ ኮንትራባሶቹ (ትልልቆቹ ባለ ክር መሣሪያዎች) ብቻ አንድ ወፍራም ድምፅ ይዘው ቆዩ፣ ትንፋሽ ልትወስድ ስትቆም ቫዮሊኖቹ ገቡ፣ ስትቀጥል ወዲያው ዝቅ አሉ። ኮንዳክተሩ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ቃሉ ነበር ሙዚቃውን የሚመራው።

አቦ፣ ይሄ ለድሬ ነው!

ገንደ ቆሬ በሉ፣ መጋላ በሉ፣ ለገሃሬ በሉ፣ ደብተር ሙሉ ግጥም ያለው ልጅ የሚታጣበት ሰፈር የለንም። መድረክ ሲገኝ ግን አንባቢው ከአዲስ አበባ ይጋበዛል፣ የእኛ ልጅ ወንበር ይደረድራል። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ቦታው የድሮው ባቡር ጣቢያ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው እኮ ነው ይህች ከተማ ከግርጌው የተወለደችው። ባቡሩ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917። እስከዚያ ድረስ ድሬ ላይ ያልመጣ፣ ያልነገደ፣ ያልተዋለደ የለም። ስለዚህ ንባቡ በአማርኛ ብቻ ይሁን የሚል ሰው ካለ አልስማማም። አሊ ቢራ በኦሮምኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማሊኛም፣ በአማርኛም ሲዘፍን ድሬ አብራው ዘፍናለች። የሰፈር ልጅ በአንዱ ቋንቋ ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል፣ እንደዚያው ይነበብ።

ሙቀቱን ግን አደራ። አየር ሲሞቅ የቫዮሊን ክር ይላላና ድምፁ ይወርዳል፣ የክላርኔትና የፍሉት ደግሞ ከፍ ይላል። ስለዚህ ግንቦትንና ሰኔን እርሱት። ታኅሣሥ ወይም ጥር፣ ከመሸ በኋላ፣ ነፋሻማ ሲሆን።

አንድ ነገር ደግሞ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ የወሰደብንን ሰው የጻፈ ካለ፣ እሱ ሲያነብ ኦርኬስትራው ጭራሽ ዝም ይበል። እዚያ ላይ የሐዘን ዜማ መጨመር ሰውን በግድ ማስለቀስ ነው፣ እኛ ደግሞ አስታዋሽ አያስፈልገንም።

ጽሑፎቹ ለሙዚቀኞቹ ቢያንስ ከወር በፊት ይድረሱ። ጸሐፊውም ልምምድ ላይ ይገኝ፣ የት እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚያርፍ ኮንዳክተሩ በጆሮው ይስማ። በዝግጅቱ ዕለት ማይክ ሰጥቶ "በል አንብብ" ማለት አይሠራም።